ሆሞፎቢያ ፍርሃት ነው? ፕራይድስ የምን ኩራት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሆሞፎቢያ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ያነጣጠረ ጥላቻና መድልዎ ነው፤ ፕራይድ (በእንግሊዝኛ “ኩራት”) ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በየዓመቱ አደባባይ የሚወጡበት ሰልፍ ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱን አሳጥረን አቅርበናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከፍታ የሚፈራ ወይም ጠባብ ክፍል የሚያስጨንቀው ሰው “ፎቢያ አለበት” ይባላል። እኔ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን አልፈራም፤ ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ ግን ነገሩን አልቀበለውም። ይህን ስናገር አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ሆሞፎቢክ ነህ” አለኝ። በሽተኛ ነህ ማለቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሆሞፎቢያ በየትኛውም የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ የሚመረምረው ሐኪም፣ የሚታዘዝለት መድኃኒትም የለም። ቃሉን የፈጠረው ጆርጅ ዋይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን ጊዜውም የ1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ ከምርመራ ክፍላቸው ውጭ ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጋር መቀመጥ ሲጨንቃቸው ታዘበ። ቃሉ በ1969 በኅትመት ወጣ፤ በ1972 ደግሞ ዋይንበርግ መጽሐፍ ጻፈበት። የቃሉ ጉልበት ጥያቄውን መገልበጡ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የሥነ አእምሮ ሕክምና “እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?” እያለ ሲጠይቅ ኖሮ፣ ዋይንበርግ “እነሱን ማየት የማይችሉትስ ምን ነክቷቸው ነው?” አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከሕመሞች ዝርዝር የሰረዘው ብዙም ሳይቆይ፣ በ1973 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እስከ ግንቦት 17 ቀን 1990 ቆይቷል። በየዓመቱ ግንቦት 17 ሆሞፎቢያን የመቃወሚያ ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ የሚታሰበውም ያን ቀን ተይዞ ነው።

“ፎቢያ” የሚለው የግሪክ ቅጥያ ግን እርስዎን ብቻ አይደለም ያሳሳተው። ግሪጎሪ ሄሬክ የተባለው ተመራማሪ ያነሣው ተቃውሞ ከእርስዎ ጋር ይገጥማል። ከፍታ የሚፈራ ሰው ከከፍታ ይሸሻል፣ ፍርሃቱ ልክ እንዳለፈ ያውቃል፣ ያፍርበታልም። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪን የሚጠላ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ንዴትና መጸየፍ ነው፤ ልክ ነኝ ብሎ ያምናል፣ እንዲያውም ይኮራበታል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች “ጭፍን ጥላቻ” የሚለውን ይመርጣሉ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በ2012 ጋዜጠኞቹ ቃሉን በፖለቲካና በማኅበራዊ ጉዳይ ላይ እንዳይጠቀሙ መክሮ፣ በ2017 ምክሩን አላልቶታል። ቃሉ ከሰው አፍ ከገባ በኋላ ማስተካከያ አይሰማምና ሆሞፎቢያ እንዳለ ቀረ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ እንመለስ። ቃሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይይዛል፤ ስሜትን፣ ንግግርን፣ ድርጊትንና ሕግን። ባልደረባዎ የትኛውን እንደሚወቅስ ሳይለይ ቃሉን ከወረወረው ስድብ ብቻ ሆኖ ቢሰማዎት አይገርምም። እርስዎም በበኩልዎ “አልቀበለውም” ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ ይለዩት። የእምነትዎን ሕግ በራስዎ ሕይወት ላይ መጠበቅ አንድ ነገር ነው። “እንዲህ ያለ ሰው ከእኔ ጋር አይሥራ፣ ቤት አይከራይ፣ ሲደበደብም ‘ይበለው’” ማለት ደግሞ ሌላ ነው፤ ለዚህኛው ቃሉ በትክክል ይውላል። ራስን መፈተሻው ቀላል ነው፦ ያሉትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይውሰዱና “የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ” በሚለው ቦታ የራስዎን ሃይማኖት ወይም ወገን ያስገቡበት። ሌላ ሰው ስለ እርስዎ ቢለው ዝም ብለው የማያልፉት ከሆነ፣ ባልደረባዎ የሰማው ያንን ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ታዲያ ምን ብለን እንጻፈው? “የግብረ ሰዶማውያን ፍራቻ” ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ።

መልስ፦ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ ይስታል። “ፍራቻ” ከላይ ባልነው ምክንያት አይሆንም። “ግብረ ሰዶም” ደግሞ ከጠፋችው ከተማ ስም የመጣ በመሆኑ ፍርዱን አብሮ ይዞ የሚሄድ ቃል ነው፤ ስለ ጥላቻ እየጻፉ በዚያው ቃል መጠቀም ነገሩን ከመነሻው ያበላሸዋል። “የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ” ረዘም ቢልም ሰውን ይጠራል እንጂ አይፈርድም። ለጥላቻው፣ ለአጭር ጽሑፍ “ሆሞፎቢያ” ብሎ እንዳለ መጻፍና አንድ ጊዜ መተርጎም ይበቃል፤ “በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ያነጣጠረ ጥላቻና መድልዎ” ቢሉት ሐሳቡ ይሞላል። “መድልዎ” የሚለውን አይተዉት። ማንንም በግል ሳይጠላ ሰውን ከሥራ የሚያስወጣ ደንብ የሚያስፈጽም ሠራተኛ አለ፤ “ጥላቻ” ብቻ ካልን እሱ ከቃሉ ውጭ ያመልጣል።

ጥያቄ፦ “አብዝቶ የሚጠላ ሰው እሱ ራሱ ድብቅ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው” ይባላል። በጥናት ተረጋግጧል የሚሉም አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬው የሚያርፈው በ1996 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ አንድ ጥናት ላይ ነው። ከሴት በቀር አናፈቅርም ያሉ 64 ወንዶች በመጠይቅ ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ 35ቱ ሆሞፎቢያቸው ከፍተኛ፣ 29ኙ ዝቅተኛ። ከዚያ ወሲባዊ ቪዲዮ እየታያቸው የአካላቸው ምላሽ በመሣሪያ ተለካ። የወንድ ለወንድ ቪዲዮ ሲታይ ጎላ ያለ ምላሽ ያሳየው የመጀመሪያው ቡድን ነበር። ዜናው ዓለምን የዞረው በዚህ ነው። የዞረው ግን ጥንቃቄውን ጥሎ ነው፦ ተሳታፊዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጭንቀትም ተመሳሳይ የአካል ምላሽ ሊያስነሣ እንደሚችል ጽፈዋል፤ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎችም አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም። ስለዚህ አንዳንዱ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፣ የጥላቻ ሁሉ ምንጭ ግን አይደለም።

እኛ አባባሉን የማንወደው ሌላም ምክንያት አለን። ወቀሳውን አዙሮ እዚያው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ ይጥለዋል፤ “የሚመቷችሁ የራሳችሁ ሰዎች ናቸው” እንደማለት ነው። ሰው ከአስተዳደግ፣ ከሰባኪ፣ ድምፅ ከሚፈልግ ፖለቲከኛና ከጓደኞቹ ሳቅ ጥላቻን ለመማር ድብቅ ፍላጎት አያስፈልገውም።

ወደ ውስጥ የዞረ ሆሞፎቢያ ግን በእርግጥ አለ። አንድ ልጅ ራሱን ከማወቁ በፊት ስድቡን ይማራል፤ በኋላ ስድቡ የሚገልጸው እሱን መሆኑን ይደርስበታል። ኢላን ሜየር የተባለው ተመራማሪ ይህን “የአናሳዎች ጭንቀት” ብሎ በደረጃ አስቀምጦታል፦ በእርግጥ የደረሰ በደል፣ ይደርሳል ብሎ ሁልጊዜ መጠበቅ፣ ማንነትን መደበቅ፣ በመጨረሻም በራስ ላይ መፍረድ። በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ዘንድ የድብርትና የጭንቀት ሕመም መብዛቱ በዚህ ይብራራል፤ ፍቅሩ ራሱ በሽታ ስለሆነ አይደለም። ይህን አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቭሊን ሁከር በ1957 አሳይታለች። የ30 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችንና የ30 ሌሎች ወንዶችን የሥነ ልቦና ፈተና ውጤት ማንነታቸውን ደብቃ ለባለሙያዎች ሰጠች፤ ባለሙያዎቹ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም።

ጥያቄ፦ ሰው በሠራው ሥራ ይኮራል። “ተፈጥሮዬ ነው” በሚለው ነገር ግን እንዴት ይኮራል? እሺ ይኩራ፤ አደባባይ መውጣቱስ ለምን አስፈለገ? እኛ ሴት ወደድን ብለን አንሰለፍም።

መልስ፦ ችግሩ ገሚሱ የቃሉ ነው። በአማርኛ “ኩራተኛ” ስንል እንወቅሳለን፣ “ኩሩ ሕዝብ” ስንል እናመሰግናለን። ፕራይድ ሁለተኛው ነው። ተቃራኒው ትሕትና አይደለም፤ አንገት መድፋት ነው። “ስኬታችንን እዩልን” ማለት ሳይሆን “እንድናፍርበት በተነገረን ነገር አናፍርም” ማለት ነው።

አደባባዩን ለመረዳት ከአደባባይ በፊት የነበረውን ማየት ይጠቅማል። በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችል ስለነበር ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ማፍያዎች ነበሩ፤ ፖሊስም በየጊዜው እየገባ ያፍስ ነበር። መታሰር ማለት ስም መውጣት፣ ስም መውጣት ማለት ሥራ ማጣት ነበር። ተቃውሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 4 በፊላደልፊያ ጥቂት ሰዎች መፈክር ይዘው በሥርዓት ይዞሩ ነበር። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ወንዱ ኮትና ከረባት፣ ሴቷ ቀሚስ፣ እጅ ለእጅ መያያዝ ክልክል። ጨዋ ሆነን ከታየን ይሰሙናል የሚል ስሌት ነው።

ሰኔ 28 ቀን 1969 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ፖሊስ በክሪስቶፈር ጎዳና የሚገኘውን ስቶንዎል የተባለ መጠጥ ቤት ወረረ። እንደ ወትሮው መበተን የነበረበት ሰው አልተበተነም፤ ግጭቱ እየበረደ እየተነሣ ለቀናት ቆየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ክሬግ ሮድዌል የተባለ የመብት ታጋይ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የፊላደልፊያው ሰልፍ ወደ ኒው ዮርክ፣ ቀኑም ወደ ሰኔ መጨረሻ እንዲዛወር ሐሳብ አቀረበ፤ የአለባበስም የዕድሜም ገደብ እንዳይኖር ጭምር። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነን። “ጨዋ ከሆንን ይታገሡናል” ከሚለው ልመና ወደ “እንደሆንነው እንታያለን” የተሻገሩት በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ሰልፍ ሰኔ 28 ቀን 1970 ተካሄደ፤ መንገዱ ወደ ሴንትራል ፓርክ የሚያደርስ 51 ያህል የሕንፃ መደዳ ነበር። ፈቃዱ የደረሰው ሰልፉ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ተሰላፊዎቹ ከታሰበው ጊዜ ከግማሽ ባነሰ ጨረሱት፤ ገሚሱ በደስታ፣ ገሚሱ “ድንጋይ ይወረወርብን ይሆን” በሚል ሥጋት እየፈጠኑ ነው የሄዱት። በዚያው ሰሞን ቺካጎና ሎስ አንጀለስም ተሰለፉ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ፕራይድን “የክሪስቶፈር ጎዳና ቀን” ብለው የሚጠሩት በዚያ መንገድ ስም ነው።

ነገሩ የምዕራባውያን ጭፈራ ብቻ ነው ለሚል ሰው የምናሳየው ምስል የጆሃንስበርጉ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1990 በአፍሪካ የመጀመሪያው የፕራይድ ሰልፍ 800 ያህል ሰዎች ይዞ ሲወጣ፣ ከተሰላፊዎቹ አንዳንዶቹ እንዳይታወቁ የወረቀት ከረጢት ጭንቅላታቸው ላይ አጥልቀው ነበር። በይፋ መታየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚያ የበለጠ የሚገልጽ ነገር የለም። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ሳይመን ንኮሊ በአፓርታይድ ላይ ታግሎ የታሰረ ሰው ነበር፤ ጥቁርነቱንና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነቱን ለሁለት ከፍሎ መታገል እንደማይችል ይናገር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የጸደቀው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት መድልዎ እንዳይደረግ በግልጽ ከለከለ።

“እኛ አንሰለፍም” ላሉት፦ የእርስዎ ሰልፍ በየሳምንቱ ነው። የሠርግ አጀብ፣ የጋብቻ ቀለበት፣ “ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ” ብሎ ቢሮ ውስጥ ማውራት፣ እነዚህ ሁሉ ማንን እንደሚወዱ በአደባባይ መናገር ናቸው። የማይታዩት ማንም ስለማያስቆማቸው ነው። የፕራይድ ሰልፍ ግን ዛሬም ይከለከላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2007 በፖላንድ፣ በ2010 በሩሲያ ላይ ክልከላው መብት መጣስ ነው ብሎ ፈርዷል። ሃንጋሪ በመጋቢት 2025 ሰልፉን የሚያስከለክልና ተሰላፊን በፊት መለያ ካሜራ ለመቅጣት የሚያስችል ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ሰኔ 28 በቡዳፔስት የወጣው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ተገመተ። የሚከለክል ካለ ሰልፉ ትርጉሙ አያልቅም።

ጥያቄ፦ ቀስተ ደመና ሰባት ቀለም ነው ተብለን ነው የተማርነው። ባንዲራቸው ላይ ስድስት ቆጠርኩ።

መልስ፦ ቆጠራዎ ልክ ነው። ጊልበርት ቤከር የተባለ አሜሪካዊ የጥበብ ሰው በሰኔ 1978 ለሳን ፍራንሲስኮው ሰልፍ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በእጅ ቀልሞ ሲሠራው ስምንት ነበር። ባንዲራው በብዛት ሲፈለግ ደማቅ ሮዝ ጨርቅ በበቂ አልተገኘምና ሰባት ሆነ። በ1979 ደግሞ በጎዳናው ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሎ እንዲሰቀል ሲታሰብ ሰባት ለሁለት ስለማይከፈል ውኃ ሰማያዊው ወጣ። የቀሩት ቀይ ለሕይወት፣ ብርቱካናማ ለፈውስ፣ ቢጫ ለፀሐይ ብርሃን፣ አረንጓዴ ለተፈጥሮ፣ ሰማያዊ ለስምምነት፣ ሐምራዊ ለመንፈስ ናቸው።

ጥያቄ፦ በሥራ ጉዳይ ውጭ አገር ስቆይ የሥራ ባልደረቦቼ ፕራይድ ላይ አብሬያቸው እንድሄድ ጋበዙኝ። እኔ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ አይደለሁም። ብሄድ ምን ይጠበቅብኛል? በቪዲዮ ያየሁት ራቁትነትም ያሳቅቀኛል።

መልስ፦ ሌላ ሰው መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ደጋፊ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ሁልጊዜ ይገኛሉ። ከሁሉ በፊት ስልክዎን ያስቡበት። ከሕዝቡ መሐል አንድን ሰው ለይተው ፎቶ አያንሡ፤ ካነሡም ሳያስፈቅዱ አይልቀቁ። በሲድኒ ሰኔ 24 ቀን 1978 በተካሄደው የመጀመሪያ ሰልፍ 53 ሰዎች ታስረው ስማቸው በጋዜጣ ስለወጣ ከሥራና ከቤተሰብ የተለያዩ ነበሩ። ዛሬ ያን ጋዜጣ የሚተካው የእርስዎ ስልክ ሊሆን ይችላል፤ አጠገብዎ የቆመው ሰው ቤተሰቦቹ ሌላ አገር ሆነው ምንም አያውቁ ይሆናል።

ሰልፉ ሰዓታት ይፈጃል። ፊተኞቹ ሲፈጥኑ መሐሉ ይሳሳል፣ ሲቆሙ ደግሞ ኋለኛው ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ከጠባብ መታጠፊያዎችና ከመጨረሻው አደባባይ መግቢያ ራቅ ብለው ይቁሙ። ከጭነት መኪኖቹ ጎማ አጠገብ የሚሄዱት አስተባባሪዎች ሰው ጎማ ሥር እንዳይገባ የቆሙ ናቸውና በእነሱና በመኪናው መሐል አይግቡ። ውኃ፣ ምቹ ጫማ፣ ቀድሞ የተነጋገሩበት መገናኛ ቦታ ያስፈልጋል፤ ሰው ሲበዛ የስልክ መስመር ይጨናነቃል። ተቃዋሚዎች ቢጮኹ አይመልሱ፤ ክርክሩ የሚፈለገው ለካሜራ ነው። ሲበተኑ ለብቻዎ አይሂዱ፤ ጥበቃው ሰልፉ ባለበት እንጂ ባቡር ጣቢያው ድረስ አይከተልም።

ስለ ራቁትነቱ፦ ካሜራ የሚመርጠውን ነው ያዩት። ከወላጅ ማኅበር፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከመዘምራን ቡድን ይልቅ ላባ የለበሰው አንድ ሰው ለዜና ይሸጣል። ገላን ማሳየቱም አለ፤ በተሳታፊዎቹ ዘንድም ያከራክራል። ይበልጥ የሚያከራክራቸው ግን የንግድ ድርጅቶች ነገር ነው፤ ሰኔ ላይ ቀስተ ደመና የሚሰቅል ኩባንያ ሐምሌ ላይ ሠራተኛውን እንዴት ይይዛል የሚለው። በ2019 ኒው ዮርክ ውስጥ ድርጅቶችና ፖሊስ የማይሰለፉበት ሌላ ሰልፍ በዚያው ቀን የተካሄደው በዚህ ምክንያት ነበር። ይህኛው ወቀሳ ሚዛን ይደፋል እንላለን።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ወንድ እንደሚወድ ነገረኝ። አልቅሼ ዝም አልኩ። አባቱ አልሰማም። “የሚያድን ቦታ አለ” የሚሉኝ አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማልቀስዎ ጥፋት አይደለም፤ ዝምታው ግን ዛሬ መሰበር አለበት። ልጅዎ ዝምታውን የሚተረጉመው በሚፈራው መንገድ ነው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ “ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ ልጄ ነህ፤ ለመረዳት ጊዜ ስጠኝ” ይበቃል። መስማማት አለመስማማትዎን በዚያ ንግግር ውስጥ አያስገቡ። በአሜሪካ በ224 ወጣቶች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት፣ ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት መጠን መግፋት ካልደረሰባቸው ወይም እምብዛም ካልደረሰባቸው ስምንት እጥፍ እንደሚበልጥ አግኝቷል። መግፋት ማለት ከቤት ማባረር ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹን መከልከል፣ “አሳፈርከን” ማለት፣ ስሙን ከቤተሰብ ጨዋታ ማውጣት ሁሉ ይቆጠራል።

“የሚያድን ቦታ” የሚባለውን ይተዉት። በ2003 “አንዳንዶች ተለውጠዋል” የሚል ጥናት ያሳተመው ሮበርት ስፒትዘር የተባለ ታዋቂ ሐኪም ጥናቱ የቆመው 200 ሰዎች በስልክ ስለራሳቸው በተናገሩት ላይ ብቻ ነበር፤ በ2012 ስህተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ሥራ ትልቁ የነበረው ኤክሶደስ የተባለው ሃይማኖታዊ ድርጅትም በ2013 መሪው ይቅርታ ጠይቆ ተዘጋ። ከዚህ ዓይነቱ ሙከራ የሚተርፈው ድብርት፣ በራስ መጸየፍና ከወላጅ መቆራረጥ ነው። እንቅልፍ ካጣ፣ ከምግብ ከራቀ ወይም ስለ ሞት ካወራ፣ ለዚያ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ ሐኪሙን ግን አስቀድመው ለብቻዎ ያነጋግሩትና “ዝንባሌውን ልቀይረው” ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ለአባቱ መቼና እንዴት ይነገር የሚለውን ልጅዎ ይወስን፤ “እኔ ባለሁበት ልንገረው ትላለህ ወይስ ለብቻህ?” ብለው ይጠይቁት። አባቱ እጁን ሊያነሣ ይችላል ብለው የሚሠጉ ከሆነ ከመነገሩ በፊት ልጁ ጥቂት ቀን የሚያርፍበት ቤት፣ የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃዎቹ፣ የትራንስፖርት ገንዘብም ከቤት ውጭ ይዘጋጁለት። ለእህትዎም፣ ለንስሐ አባትዎም፣ ለጎረቤትም ገና አይንገሩ። በብዙ አገሮች ሕጉ ይቀጣል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ወሬ ወደየት እንደሚሄድ እርስዎም ልጅዎም መቆጣጠር አትችሉም።